የሙሽራው አንገት

መብራት የጠፋው ሙሽራው ገና ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነበር። የቶንዶሱ ድምፅ ቀጥ ሲል ተራ የምንጠብቀው ሰዎች ሁላችንም ቀና ብለን አምፖሉን አየን፤ ከዚያም እርስ በርስ ተያየን። ጥር ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቀበና አካባቢ ያለችው ይህች ጠባብ ፀጉር ቤት በሠርገኛ ተጨናንቃለች። ሽማግሌው ፀጉር አስተካካይ ቶንዶሱን ሚስማሩ ላይ ሰቀሉና ከመስታወቱ ሥር ያለውን ቀይ ፔርሙዝ አነሡ። መብራት ኖረም አልኖረ፣ እሳቸው ጠዋት ውሃ አፍልተው ሳይሞሉት ሥራ አይጀምሩም።

"ጋሼ፣ በቃ በምላጭ ጥርግ ያድርጉልኝ" አለ ሙሽራው። "ነገ ሠርጌ ነው።"

ሽማግሌው አልመለሱለትም። አገጩን በሁለት ጣት ቀና አድርገው አንገቱን በደጁ ወደሚገባው ብርሃን አዞሩት። ከጉሮሮው ግራና ቀኝ፣ ኮሌታ በሚያርፍበት ቦታ፣ ምስር የሚያካክሉ እብጠቶች ተሰድረዋል። ጥቂቶቹ ጫፋቸው መግል ቋጥሯል። ሌሎቹ ድነው ከቆዳው የጠቆረ ምልክት ትተዋል።

"ይህን ማን ላጨው?"

"እኔው ነኝ ጋሼ፤ ባለፈው ሳምንት፣ እቤት።"

"ከታች ወደ ላይ ነዋ?"

"አዎ። እንዲለሰልስ ብዬ።"

እኔ ያን አንገት አውቀዋለሁ። የመጀመሪያ ሥራዬን ስጀምር ፂሜን በየሁለት ቀኑ እላጭ ነበር። ከጉሮሮዬ ሥር የሚወጡት እብጠቶች የነጭ ሸሚዜን ኮሌታ በደም ነጠብጣብ ያበላሹብኝ ነበር። በተላጨሁ ቁጥር ይብስብኛል፤ በባሰብኝ ቁጥር ደግሞ እብጠቱን የምቆርጠው እየመሰለኝ ምላጩን ይበልጥ አስጠግቼ እላጫለሁ። በላዩ አልኮል አፈስበታለሁ። ሲያቃጥለኝ ጥርሴን ነክሼ እታገሣለሁ፤ ማቃጠሉ የመዳን ምልክት ይመስለኝ ነበር። ሎሚ እሸው ያለኝ አለ፤ ምላጭህ ቆሻሻ ነው ያለኝ አለ፤ የጉርምስና ብጉር ነው፣ ስታገባ ይለቅሃል ያለኝም አለ። የሚወጋኝ የገዛ ፀጉሬ መሆኑን የነገረኝ ግን ለብዙ ዓመታት አልነበረም። ዛሬ ስለ አንድ ልጭት ይህን ያህል የምጽፈውም ያን ጊዜ ማንም ስላልነገረኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠጉራችን የሚጠቀለለው ከቆዳ ከወጣ በኋላ ይመስለናል። እውነቱ ግን ከቆዳ በታች ያለው የበቀለበት ሰርጥ ራሱ እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው። ከጎበጠ ሰርጥ የሚወጣ ፀጉር ጎብጦ ያድጋል። ምላጭ ሰያፍ አድርጎ ሲቆርጠው ጫፉ እንደ ወስፌ ይሾላል። የሾለውና የጎበጠው ፀጉር በቀን ከግማሽ ሚሊሜትር በታች እያደገ ከቆዳው ይወጣል፤ ጥቂት ሳይርቅም ወደ ታች ታጥፎ ጎረቤቱን ቆዳ ይወጋል። አንዱ መንገድ ይህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ይብሳል። ቆዳው በኃይል ተወጥሮ ሲላጭ፣ ወይም ምላጩ ፀጉሩን ስቦ ሲቆርጠው፣ የተቆረጠው ጫፍ ቆዳው ሲለቀቅ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ከዚያ በኋላ ሲያድግ የመውጫውን በር ያጣል። የራሱን ሰርጥ ግድግዳ ከውስጥ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ሰውነት ፀጉሩን እንደ እሾህ ይቆጥረዋል፤ ያብጥበታል፤ መግል ይቋጥርበታል። ሐኪሞች በሁለቱም መንገድ የሚመጣውን ሱዶፎሊኩላይቲስ ባርቤ ይሉታል። የፀጉር ሰርጥ ልክፍት የሚመስል፣ ነገር ግን ያልሆነ፣ ለማለት ነው። መነሻው ጀርም አይደለምና። ጀርም በኋላ፣ ቆዳው ከተበሳ በኋላ፣ ሊገባበት ይችላል።

አልበርት ክሊግማንና ጆን ስትራውስ የተባሉ አሜሪካውያን የቆዳ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጡት ጽሑፍ ይህን አካሄድ በዝርዝር ገልጸውታል። በሕክምና ጽሑፎች ተደጋግሞ የሚጠቀሰው አኃዝ ችግሩ ከጥቁር ወንዶች ከ45 እስከ 83 በመቶ የሚሆኑትን እንደሚያገኝ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ የጀርመን ተመራማሪዎች ፀጉርን አቅፎ የሚይዘውን ሽፋን ከሚሠሩ የኬራቲን ዘረ መሎች በአንዱ ላይ ያለች ትንሽ ለውጥ ተጋላጭነቱን እንደምታሳድግ አሳዩ። አንድ ወንድም በአንድ ምላጭ ተላጭቶ ምንም ሳይሆን ሌላው በማግሥቱ የሚያብጠው በንጽሕና ጉድለት አይደለም። አፈጣጠሩ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ይህ ነገር ፍርድ ቤት ደርሷል። በኔብራስካ አንድ ጥቁር የፒዛ አድራሽ ፂምህን ካልተላጨህ ተብሎ ከሥራ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1993 የይግባኝ ፍርድ ቤት መሥሪያ ቤቱ ፂምን ፈጽሞ መከልከሉ ጥቁር ወንዶችን ለይቶ እንደሚጎዳ ወሰነ። በጦር ሠራዊቱም የጋዝ ጭንብል ፊት ላይ በደንብ እንዲገጥም በሚል ፂም መላጨት ግዴታ ስለሆነ፣ ወታደሮች ላለመላጨት የሐኪም ፈቃድ ሲጠይቁ ኖረዋል። የአየር ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ2020 የዚህን ፈቃድ ዘመን ወደ 5 ዓመት ከፍ አድርጎት ነበር። አሜሪካ ሄደው ወታደር የሆኑ ልጆቻችን ይህን ወረቀት ያውቁታል። እኛ አገር ግን ማንም አስገድዶን አይደለም። ሙሽራ፣ ሚዜ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ አስተማሪ፣ ሁላችንም "ጥርግ" የሚለውን ቃል ራሳችን ወደን እንጠራለን።

ሽማግሌው ትንሿን ፎጣ ከፔርሙዙ በተቀዳ ውሃ ነከሯት፤ ጨመቋት፤ መጀመሪያ ክንዳቸው ላይ አሳረፏት። እንደማትፈጅ ሲያረጋግጡ በሙሽራው ጉንጭና አንገት ላይ አለበሷት። ከዚያ ምንም አልሠሩም። ቆሙ። ሙሽራው በፎጣው ውስጥ ሆኖ "ጋሼ፣ አልጀመሩም?" አለ።

"ጀምሬያለሁ" አሉት።

የሙያው ግማሽ ያለው እዚህ መቆም ላይ ነው። ፀጉር ውሃ ይጠጣል፤ ሲጠጣም ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ለመቆረጥ የሚፈልገው ጉልበት በጣም ይቀንሳል። ይህ እንዲሆን ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈልጋል። ፊትን በጥድፊያ አርሰው ወዲያው ምላጭ የሚያነሡ ሰዎች የሚላጩት ላዩ የረጠበ ደረቅ ፀጉር ነው። እናቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። በልጅነታችን ቁንጮ ትተው ዙሪያውን ሲላጩን ምላጩን ከማንሣታቸው በፊት ራሳችንን በውሃና በሳሙና ሲያሹ፣ ሲያሹ፣ እኛ እስክንሰለች ድረስ ሲያሹ አስታውሳለሁ። ይራስ ይሉ ነበር፤ ካልራሰ ይቆርጣል።

ደረቅ ፀጉር የሚጎዳው ቆዳን ብቻ አይደለም፤ ምላጩንም ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ጃንሉካ ሮሺዮሊና ባልደረቦቹ ምላጭ በምን እንደሚዶሎዱም ለማየት በረቀቀ ማይክሮስኮፕ ሥር ፀጉር እየቆረጡ ተመለከቱ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ2020 በሳይንስ መጽሔት አወጡት። ፀጉር ከምላጭ ብረት 50 ጊዜ ያህል የለሰለሰ ነው። ሆኖም አንዱ ፀጉር በተወሰነ ሰያፍ ሲገጥመው የምላጩን አፍ ይሸርፈዋል። አንዴ የተሸረፈ አፍ ደግሞ ቀጣዩን ፀጉር አይቆርጥም፤ ይጎትታል። ተጎትቶ የተቆረጠ ፀጉር ወዴት እንደሚሰምጥ ከላይ ተናግሬያለሁ።

ፎጣው ሲነሣ ሽማግሌው ሳሙናውን በብሩሽ እያዞሩ አረፋ አወጡበትና አለበሱት። የሚጠቀሙበት ለመላጫ ተብሎ የተሠራ ሳሙና ነው። ልብስ የሚታጠብበት ሳሙና ቅባቱን ገፎ ቆዳን ያደርቃል፤ አረፋውም ቶሎ ይሞታል። እንዲህ ያለ ወፍራም አረፋ ሁለት ሥራ አለው፤ ውሃውን ፀጉሩ ላይ ያቆያል፣ ምላጩንም ያንሸራትታል። አረፋው ደርቆ ከሰነጠቀ እንደገና መቀባት እንጂ በላዩ መላጨት የለም። ብሩሹን ያዞሩት በዝግታ ነው፤ ዙሩ የተኛውን ፀጉር ከቆዳው ቀና ያደርገዋል።

ከዚያ ያደረጉትን ነገር ሌላ ፀጉር ቤት ውስጥ አይቼ አላውቅም። ምላጩን ከማንሣታቸው በፊት ሁለት ጣታቸውን በአረፋው ላይ አሳልፈው የሙሽራውን አንገት ዳበሱት፤ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ጎን። በአንዱ አቅጣጫ ጣት ይንሸራተታል፤ በሌላው ይሻክራል። የሚንሸራተትበት የፀጉሩ አበቃቀል ነው። የጉንጭ ፂም ባብዛኛው ሰው ላይ ወደ ታች ይበቅላል። አንገት ላይ ግን እንደየሰዉ ይለያያል፤ ከአገጭ ሥር ወደ ታች፣ ከጉሮሮው አጠገብ ወደ ጎን፣ ከደረት በላይ ደግሞ ወደ ላይ የሚበቅልለት ሰው አለ። "ወደ ታች ተላጭ" የሚለው ምክር ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ የማይሠራው። ማለት የሚገባው አበቃቀሉን ተከተል ነው፤ አበቃቀሉን የሚያውቀው ደግሞ ጣት ነው። ፂሙን ሁለት ቀን ያሳደገ ማንም ሰው መስታወት ፊት ቆሞ የራሱን አንገት ዳብሶ ካርታውን ሊያጠና ይችላል። አንድ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

የግድግዳው መደርደሪያ ላይ፣ በቆዳ ሰገባ ውስጥ፣ የሽማግሌው የጥንት ምላጭ አለ። ሙሉ ብረት ነው፤ ጀርመን አገር ዞሊንገን የተሠራ፤ ወደ እጀታው የሚታጠፍ። ከጎኑ የሚሳልበት ጠፍር ተንጠልጥሏል። ድሮ ለእያንዳንዱ ሰው ከመላጨታቸው በፊት ምላጩን ጠፍሩ ላይ ጀርባውን ቀድመው፣ አፉን አስከትለው፣ ሠላሳ አርባ ጊዜ ያመላልሱት ነበር። ጠፍር ብረት አይቆርጥም። የታጠፈውን ቀጭን አፍ ያቀናዋል። ብረቱ በእርግጥ ሲዶሎዱም ግን የሚያድነው የመሳያ ድንጋይ ብቻ ነው።

ዛሬ ደንበኛ ላይ አያሳርፉትም። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን። የኤች አይ ቪ ቫይረስ ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩ የታወቀው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1978 ዓ.ም.። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ምላጭ በጋራ የመጠቀምን አደጋ ያላስተማረ ትምህርት ቤት፣ ያላስተማረ ሬዲዮ አልነበረም። ሰው ምላጩን ከሱቅ ገዝቶ በኪሱ ይዞ ፀጉር ቤት ይመጣ ጀመር። ሙሉ ብረቱ ምላጭ ወደ መደርደሪያ ወጣ፤ ምላጭ የሚቀየርበት እጀታ ቦታውን ያዘ።

ያ ለውጥ ሕይወት አድኗል፤ ይቅር የሚል ሰው የለም። ነገር ግን የእጅን ልማድ ለውጧል፤ ይህን ሽማግሌው ነግረውኝ ነው ያስተዋልኩት። የጥንቱ ምላጭ ክብደት አለው፤ በራሱ ክብደት ይቆርጣል፤ እጅ የሚመራው ብቻ ነው። የአሁኑ እጀታ ቀላል ነው፤ የሚገባበት ምላጭ ደግሞ ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ክብደት ስለሌለው እጅ ሳያውቀው ይጫናል። አዲስ ምላጭ ከተሳለው ብረት ይበልጥ ስለታም ነውና ሲጫኑት የሚወስደው ፀጉሩን ብቻ አይደለም፤ የላይኛውን የቆዳ ሽፋንም ይፍቃል። ያ ሽፋን ውፍረቱ ከሚሊሜትር መቶኛ እጅ ብዙም አይበልጥም። ከተላጩ በኋላ ያለው ማቃጠል፣ በማግሥቱ ያለው መድረቅና መቅላት፣ ብዙ ጊዜ ይኸው የተፋቀው ሽፋን ነው። እብጠቱና ማቃጠሉ ሁለት ልዩ ልዩ ጉዳቶች ናቸው፤ አንዱ ከፀጉሩ ይመጣል፣ ሌላው ከተጫነው እጅ።

ሽማግሌው ምላጩን ከነወረቀቱ ሁለት ላይ ሰበሩት፤ ግማሹን እጀታው ውስጥ አስገቡ። ሙሽራው እያየ ነበር የሰበሩት፤ ይህም ልማዳቸው ነው። ምላጩን ወደ ቆዳው አስተኙትና ጥቂት ቀና አደረጉት። ከሠላሳ ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ይበልጥ ካስተኙት ፀጉሩን ይጎትታል፤ ይበልጥ ካቆሙት ቆዳውን ይፍቃል። ጉንጩን ወደ ታች፣ አጭር አጭር፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም በማይበልጥ ርቀት ላጩት፤ በየመሐሉ አረፋውን በወረቀት ይጠርጋሉ። ድምፁ ይሰማል። ምላጩ ሲቆርጥ የደረቀ ቅጠል እንደሚፍቅ ጥፍር ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ ድምፁ ሲደፈን ምላጩ እየጎተተ ነው።

አንገቱ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። እዚህ ላይ የሙያው ሁለት ሕጎች ይጋጫሉ፤ እኔም ብዙ አስቤበታለሁ። አንዱ ሕግ ቆዳውን ወጥር ይላል። ያልተወጠረ ቆዳ ምላጩ ፊት ይታጠፋል፤ የታጠፈ ቆዳ ይቆረጣል። ይህን ያስተማረ አስተማሪ ሁሉ ትክክል ነው። ሁለተኛው ሕግ አትወጥር ይላል፤ የተወጠረ ቆዳ ሲለቀቅ የተቆረጠውን ጫፍ ይዞት ይሰምጣልና። ይህንም የሚሉ የቆዳ ሐኪሞች ትክክል ናቸው። ቀጥ ያለ ፀጉር ላለው ሰው የመጀመሪያው ሕግ ብቻውን ይበቃዋል። ለተጠቀለለ ፂም ግን የሚሻለው መሐሉ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሽማግሌውም ያደረጉት እሱን ነው። ቆዳውን በጣታቸው አስተካክለው ያዙት እንጂ አልጎተቱትም። ሽብሽብ እንዳይኖር ያህል፤ ከዚያ በላይ አይደለም። እብጠት በሌለበት ቦታ፣ አረፋው ባለበት አንድ ጊዜ ብቻ፣ አበቃቀሉን ተከትለው አሳለፉት። አልደገሙትም።

ሙሽራው እጁን ከሽርጡ ሥር አውጥቶ ጉንጩን ነካ። "ጋሼ፣ ትንሽ ይሻክራል። ወደ ላይ አንዴ ያስኬዱልኝ።"

"ልጄ፣ ወደ ላይ ከሄድኩ ነገ ሲሞሽሩህ ልስልስ ትላለህ። ማክሰኞ ግን ሙሽራይቱ አንገትህን ስትነካ ምን ታገኛለህ?"

ተራ የሚጠብቁት ሳቁ፤ ሙሽራው ግን አልሳቀም። ሽማግሌውም ቀልዳቸውን አልነበረም። እብጠቱ በተላጩበት ሰዓት አይታይም። አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ፣ ፀጉሩ ማደግ ሲጀምር ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ማንም ከልጭቱ ጋር አያያይዘውም። በዕለቱ የሚሰማን ልስላሴ ፀጉሩ ከቆዳ በታች መቆረጡን የሚናገር ነው። እኛ ልስላሴውን የጥሩ ልጭት ማረጋገጫ አድርገን እንወስደዋለን። እኔ ለዓመታት ፀጉር አስተካካዮችን የምመርጠው በዚሁ ነበር፤ በተላጨሁበት ቀን አንገቴን ዳብሼ። መዳበስ የነበረብኝ ከሦስት ቀን በኋላ ነበር።

"እነዚህንስ?" አለ ሙሽራው፣ ያበጡትን በጣቱ እየጠቆመ። "አናት አናታቸውን ይበሉልኝ።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ" አሉ፤ ምላጭ ያመጣውን በምላጭ አላክምም ማለታቸው ነው። ያበጠ ቦታ ላይ ምላጭ ማሳለፍ መግሉን ያሰራጫል፤ ጠባሳም ይተዋል፤ በተፈጥሮው ጠባሳው ለሚያብጥ ሰው ደግሞ ኬሎይድ ሊሆን ይችላል። ብዙ እብጠት ላለበት ሰው ዋናው መድኃኒት ምላጩን ለሦስት አራት ሳምንት ማስቀመጥ ነው። ፀጉሩ ወደ አንድ ሴንቲሜትር ሲጠጋ ራሱ እንደ ሞላ ተወጥሮ ከገባበት ይወጣል። በዚህ መሐል ጫፉ ገብቶ ቀለበት የሠራ ፀጉር ቢታይ፣ በአልኮል በተጠረገ መርፌ ቀለበቱን ብቻ ቀና ማድረግ ይቻላል። መንቀል ግን አይገባም። የተነቀለው ሲመለስ ያንኑ መንገድ ይዞ ይመለሳል።

በዚህ የማይድን ካለ የቆዳ ሐኪም አለ። ሐኪም ሬቲኖይድ ወይም ቤንዞይል ፐሮክሳይድ ያለበት ቅባት ሊያዝ ይችላል፤ ፀጉሩን ከሥሩ የሚያዳክም ሌዘርም አለ። ለጥቁር ቆዳ የሚሻለው ኤንዲ ያግ የሚባለው ነው፤ ጨረሩ 1064 ናኖሜትር ስለሆነ የቆዳውን ቀለም ብዙም ሳይነካ ወደ ጥልቁ ያልፋል። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል ለሥጋ ደዌ ሕክምና ተመሥርቶ የቆዳ በሽታ ሁሉ የሚታይበት ቤት ሆኗል፤ ብዙ ሰው ግን ለፂም እብጠት ሐኪም ይኬዳል ብሎ አያስብም። በምትኩ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዛ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት ይቀባል። ቅባቱ በሁለት ቀን እብጠቱን ያጠፋዋል፤ ሰውም ተአምር ነው ይላል። ወራት ሲጠቀሙበት ግን ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ቀለሙን ያነጣዋል፣ ራሱ ብጉር ያወጣል። ይህን ቅባት ፊት ላይ ያለ ሐኪም አትቀቡ ብዬ እለምናለሁ።

ማጅራትም አለ። ከኋላ የፀጉሩን ጠርዝ በምላጭ ስል አድርጎ ማውጣት ፋሽን ከሆነ ቆይቷል። አንዳንድ ሰው ማጅራቱ ላይ ትንንሽ ጠጣር እብጠቶች ያወጣል፤ ቀስ በቀስ ይያያዙና ፀጉር የማያበቅል ጠባሳ ይሆናሉ። ይህ አክኔ ኬሎይዳሊስ ይባላል። እንደ ፂሙ ቶሎ አይመለስም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት እብጠቶች ሲታዩ ማጅራት ላይ ምላጭ ማቆም፣ ቶንዶሱንም እስከ ቆዳ አለማውረድ ያስፈልጋል። ሽማግሌው ለእንደዚህ ያለ ደንበኛ በምላጭ ጠርዝ አላወጣም ይላሉ፤ በዚህ ተቀይሞ የሄደ ደንበኛ እንዳላቸውም አውቃለሁ።

ልጭቱ ሲያልቅ ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ አጠቡለት፤ ፎጣውን ሳያሹ ጫን፣ ለቀቅ እያደረጉ አደረቁት። ሙሽራው ዓይኑን ጨፍኖ ጥርሱን ነክሶ ጠበቀ። አልኮሉን ነበር የሚጠብቀው። እሳቸው ግን ሽታ የሌለው ሎሽን ጥቂት መዳፋቸው ላይ አድርገው ቀቡት። አልኮል የተፋቀ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ያቃጥላል፣ ያደርቃል፤ የደረቀ ቆዳ ደግሞ ለሚወጣው ፀጉር በሩን ያጠብበታል። ጀርም ለመግደል ከሆነ የአልኮል ቦታው መሣሪያው ላይ ነው። ምላጭ ስለተቀየረ ብቻ እጀታው ንጹሕ አይሆንም፤ ምላጩ በሚገባበት ስንጥቅ ውስጥ ደም ሊቀር ይችላል፤ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀን ይቆያል። እጀታው በሳሙና መፈግፈግ፣ ከዚያ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ወይም 0.5 በመቶ በሆነ በረኪና ውስጥ ለ10 ደቂቃ መቀመጥ አለበት። በረኪና ብረት ይበላል፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ በውሃ ይለቃለቃል። ቶንዶሱም እንዲሁ በየሰው መጠረግ ይገባዋል፤ ቆረቆር የሚዛመተው በእሱ ጥርስ ነው። ሰማያዊ መብራት የሚበራባትን ትንሽ ሳጥን አምኖ ሳይታጠብ ዕቃ የሚከት ሰው ከንቱ ይደክማል፤ ብርሃኑ ያላረፈበትን፣ ቆሻሻ የሸፈነውን አያጸዳም። ደንበኛም ይህን የመጠየቅ መብት አለው፤ ጥሩ ባለሙያ ሲጠየቅ አይቆጣም።

መብራቱ መጣ። አምፖሉ በራ፣ ሬዲዮው ካቆመበት ቀጠለ፣ አንድ ሰው "እሰይ!" አለ። ሽማግሌው ምላጩን አስቀምጠው ቶንዶሱን ከሚስማሩ አወረዱ። ጥርሱን ከቆዳው ከፍ አድርገው ያበጠውን የአንገት ክፍል፣ በምላጭ ያልነኩትን፣ አንድ ሚሊሜትር ያህል ፀጉር ትተው አሳጠሩለት። ጉንጩ በምላጭ ጠርቷል፤ አንገቱ ላይ ደግሞ ከሩቅ የማይታይ ጥላ ቀርቷል። አንድ ሚሊሜትር ፀጉር ተመልሶ ለመውጋት ረጅም፣ ከፎቶ ላይ ለመታየት አጭር ነው።

ሙሽራው ተነሥቶ መስታወቱ ፊት ቆመ። አንገቱን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አዞረ። በጣቱ ከታች ወደ ላይ ሊዳብሰው ጀመረና ተወው፤ ከላይ ወደ ታች ዳበሰው።

"ከሠርጉ በኋላ ወር ያህል አትላጭ" አሉት። "ፂሙ ትንሽ ሲያድግ ና፤ አበቃቀሉን አሳይሃለሁ።"

ሒሳቡን ከፍሎ፣ "ይባርኩኝ ጋሼ" ብሎ ጎንበስ አለ። መረቁት። ከወጣ በኋላ ሽማግሌው ግማሹን ምላጭ ከእጀታው አውጥተው፣ አፏ ጠባብ የሆነች፣ እስከ ግማሿ ያገለገለ ምላጭ የሞላባት የሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ ጣሉት። እጀታውን አልኮሉ ውስጥ ዘፈቁ። ፔርሙዙን ወዝወዝ አድርገው አዳመጡት፤ ውሃ አለው። አዲስ ፎጣ ዘርግተው ወደኔ ዞሩ።

"ናማ፣ ያንተን አንገት ልየው።"